የግጥማችሁን፣ የፎቶአችሁንና የሰነዳችሁን ቀን በብሎክቼይን ማተም፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

አንድ ገጣሚ ያላሳተመውን ግጥም ለሁለት ሦስት ወዳጆቹ በቴሌግራም ላከ እንበል። ከወራት በኋላ ስንኞቹን በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ ሰማቸው። "የኔ ነው" ሲል መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ "መቼ ጻፍከው?" የሚል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፋይል ቀን አያድነውም። የኮምፒውተርን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፎቶ አንሺውም፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጀው ተማሪም፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የእድር ጸሐፊም ይኸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በተፈጠረ ጊዜ ነው። መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ይህ ለደራሲ ትልቅ ነገር ነው። ግን "መቼ ተፈጠረ?" የሚለውን የማስረዳት ሸክም እናንተው ላይ ይጥላል።

ብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ የጋራ የመዝገብ ሰንሰለት፣ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘብ ይሆናል። እኔ ግን ለተራ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሥራው ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። "ይህ ፋይል ከዚህ ቀን በፊት ነበረ" ብሎ መመስከር ነው። ለዚህ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ አትገዙም፣ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) አትከፍቱም፣ አካውንት አትመዘግቡም፣ አትከፍሉም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማሳወቁን የምታስታውሱና የምትሰጉ ካላችሁም፣ በእናንተ በኩል ክፍያም ግብይትም የለም።

መሣሪያው ኦፕን ታይምስታምፕስ ይባላል። ፒተር ቶድ የተባለ የቢትኮይን ፕሮግራመር የሠራው ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ

ሻ-256 የሚባል ስሌት አለ። አንድ መስመር ግጥምም ስጡት፣ የሁለት ሰዓት ቪዲዮም ስጡት፣ 64 ፊደልና ቁጥር ያለበት አጭር ኮድ ይመልስላችኋል። ይህ የፋይሉ የጣት አሻራ ነው። ከፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብታነሱ አሻራው እንዳለ ይለወጣል። ከአሻራው ተነስቶ ፋይሉን ማወቅ ግን አይቻልም። ስለዚህ ግጥሙን ለማንም ሳታሳዩ፣ አሻራው በዚህ ቀን እንደነበረ ማስመስከር ትችላላችሁ። እዚህ ላይ "ማተም" የምንለው ይህንን ነው፤ በወረቀት ማተምን አይደለም።

ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። ስቱዋርት ሃበር እና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዲጂታል ሰነድን ቀን ስለማተም እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፈዋል። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የሰነዶችን የጋራ አሻራ በየሳምንቱ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዓምድ ላይ ያሳትሙ ነበር። ጋዜጣው በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ተበትኗል። ሁሉንም ቅጂ ሰብስቦ ማረም የሚችል ሰው የለም። የቢትኮይን ፈጣሪ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ሥራዎች በዋቢነት ጠቅሷል። በቢትኮይን የመጀመሪያ ብሎክ (የመዝገቡ አንድ ገጽ) ውስጥም የእንግሊዙ ዘ ታይምስ ጋዜጣ የጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ርዕሰ ዜና ተጽፎ ይገኛል። ብሎኩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ የሚመሰክር ጽሑፍ ነው።

ዛሬ የጋዜጣውን ቦታ የያዘው የቢትኮይን ሰንሰለት ነው። በብዙ አገር፣ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጧል። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አዲስ ብሎክ ይጨመርበታል። የቆየውን ብሎክ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ሁሉ እንደገና መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ጨርሱ

ጊዜ ወስዳችሁ በጥንቃቄ ልትሠሩት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ በኋላ "አልገጥም አለ" የሚባለው ችግር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጽሑፍ ከሆነ በወርድ ፋይል አትተዉት። ወርድ ፋይሉን ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ እንደገና ሴቭ ብታደርጉት እንኳ፣ በውስጡ የሚይዘው መረጃ ይለወጣል። አሻራውም አብሮ ይለወጣል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩትና ፒዲኤፉን እተሙ።

በፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሙሉ ስማችሁን፣ የሥራውን ርዕስና ቀኑን ጻፉ። ማኅተሙ የሚመሰክረው ፋይሉ ውስጥ ላለው ነገር ብቻ ነው። ስማችሁ ከሌለበት፣ ማኅተሙ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም።

ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ጥንቃቄ አለ። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ አሻራቸውም አይገናኝም። አንድ ደግ አርታኢ ሀሌታውን ወደ ሐመሩ ሐ ቢያስተካክልላችሁ፣ የታተመውና የተስተካከለው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ የፊደል እርማቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አጻጻፍ ደንብ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሥራ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱንም እተሙ። የድሮው ፋይል እንዳለ ይታተም፣ ወደ ዩኒኮድ የተለወጠውም በፒዲኤፍ ለብቻው ይታተም። የድሮውን ፋይል ማጥፋት ትልቅ ጥፋት ነው።

ፎቶ ከሆነ ከካሜራው ወይም ከስልኩ በኬብል በቀጥታ የወጣውን ተጠቀሙ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ያሳንሱታል። ደርሶ ዳውንሎድ የሚደረገው ፋይል ዋናው አይደለም። በቴሌግራም መላክ ካለባችሁ "ፋይል" በሚለው ምርጫ ላኩ፤ በዚያ መንገድ ሳይለወጥ ይደርሳል።

ብዙ ፋይል ካላችሁ፣ ለምሳሌ የአንድ ሠርግ ፎቶዎች በሙሉ፣ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ዚፕ አድርጓቸው። አንድ ዚፕ አንድ ማኅተም ይበቃዋል። ግን ከዚያ በኋላ ዚፑን ራሱን እንዳለ መያዝ አለባችሁ። ፎልደሩን በኋላ እንደገና ዚፕ ብታደርጉት አሻራው አንድ ላይሆን ይችላል። አንዷን ፎቶ ለብቻዋ ማስመስከር እንደሚያስፈልጋችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ለየብቻ እተሟቸው። ነፃ ስለሆነ አትሳሱ።

ደረጃ 2፦ ከማተማችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ

ያለቀለትን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ኢሜላችሁ ወይም ጎግል ድራይቭ ላይ ይሁን። በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በንብረቶቹ ውስጥ "ለንባብ ብቻ" አድርጉት። ሳታስቡት ከመነካካት ያድናችኋል።

ደረጃ 3፦ እተሙ

የኦፕን ታይምስታምፕስን ድረ ገጽ ክፈቱ። ስሙን ጎግል ላይ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ፤ አድራሻው በዶት ኦርግ የሚያልቀው ነው። ሲከፈት ፋይል የሚጣልበት ሳጥን ይታያል። ፋይላችሁን ጎትታችሁ እዚያ ጣሉት። በስልክ ከሆነ ሳጥኑን ነክታችሁ ፋይሉን ምረጡ።

ፋይሉ ወደ የትም አይሄድም። አሻራውን የሚያሰላው በእናንተው ብሮውዘር ውስጥ ነው። አሻራው ራሱም ከአንድ የዘፈቀደ ቁጥር ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚላከው። ተቀባዩ ሰርቨር ምን እንዳተማችሁ አያውቅም። የሕክምና ወረቀት ወይም የምስጢር ውል እንኳ ቢሆን ይዘቱ አይወጣም። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታም ይሠራል፤ የሁለት ጊጋባይት ቪዲዮ ብታትሙ እንኳ የሚላከው ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ በፋይላችሁ ስም መጨረሻ ላይ ኦ-ቲ-ኤስ የሚል የተጨመረበት ትንሽ ፋይል ይወርዳል። ይህ የማረጋገጫ ፋይላችሁ ነው። ስሙን አትቀይሩት። ከዋናው ፋይል ጎን አስቀምጡት።

"ታዲያ ክፍያውን ማን ከፈለ?" የሚል ይኖራል። በቢትኮይን ላይ መጻፍ ያስከፍላል፤ የሚከፍሉት ካሌንደር የሚባሉትን ሰርቨሮች የሚይዙት ሰዎች ናቸው። ግን ሰርቨሮቹ በዚያ ሰዓት ከመላው ዓለም የመጡትን አሻራዎች ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ፣ በመጨረሻ አንድ አሻራ ብቻ ያደርጓቸዋል። ወደ ሰንሰለቱ የሚገባው ያ አንዱ ነው። የማረጋገጫ ፋይላችሁ ከእናንተ አሻራ እስከዚያ የመጨረሻው ድረስ ያለውን መንገድ ይይዛል። ሺህ ሰው ቢያትም ወጪው ያው የአንድ ግብይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒተር ቶድ ኢንተርኔት አርካይቭ ያከማቻቸውን 750 ሚሊዮን ገደማ ፋይሎች በዚህ መንገድ በአንድ ግብይት አትሟቸዋል።

ደረጃ 4፦ ጠብቁ፣ ከዚያ ተመለሱና አሟሉት

ብዙ መመሪያዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። መዘለል የለበትም።

አሁን የወረደላችሁ ማረጋገጫ ገና ግማሽ ነው። "አሻራህን ተቀብያለሁ፣ ወደ ሰንሰለቱ አስገባዋለሁ" የሚል የካሌንደር ሰርቨሩ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ተፈጽሞ ሰንሰለቱ ላይ እስኪሰፍር ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል። ሰርቨሮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ የሚይዟቸውም ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማረጋገጫችሁን ሳታሟሉ ዓመታት ቢያልፉና ሰርቨሩ ቢዘጋ፣ በእጃችሁ የቀረው ባዶ ቃል ነው። ያልተማከለ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ አንድ የተማከለ ቦታ አለ፤ ይኸው ነው።

ስለዚህ በማግስቱ ወደ ድረ ገጹ ተመለሱ። የማረጋገጫ ፋይሉን እዚያው ሳጥን ውስጥ ጣሉት። ገና "በመጠባበቅ ላይ" የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቀን ሞክሩ። የተሟላ አዲስ ፋይል ከሰጣችሁ ግማሹን በእሱ ተኩ። ከተሟላ በኋላ ካሌንደር ሰርቨሩ ቢጠፋም፣ ድረ ገጹ ቢዘጋም ችግር የለም። ማስረጃው በእናንተ ፋይልና በቢትኮይን ሰንሰለት መካከል ብቻ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ አረጋግጡ

አሁን የማረጋገጫ ፋይሉን ጣሉ፣ ሲጠይቃችሁም ዋናውን ፋይል ስጡት። ሁሉም ከተገጣጠመ የብሎኩን ቁጥርና ቀኑን ይነግራችኋል። ፕሮጀክቱ ራሱ ለመለማመጃ ያስቀመጠው አንድ ናሙና አለ፤ በብሎክ 358391 የታተመ ነው፣ ቀኑም እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2015። በእኛ ሲቆጠር ግንቦት 20 ቀን 2007 ማለት ነው። ቀኑ የሚመጣላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለሽማግሌ ወይም ለፍርድ ቤት ስታቀርቡ ሁለቱንም ጻፉ። ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት።

ቀኑን ግን እስከ ደቂቃ ድረስ አትመኑ። የቢትኮይን ብሎክ ሰዓት በሰዓታት ሊዛነፍ ይችላል። "በዚህ ቀን አካባቢ ነበረ" ብሎ መያዝ ይበቃል።

ሌላም ልምምድ አድርጉ። የፋይሉን ቅጂ ውሰዱ፣ አንዲት ፊደል ቀይሩ፣ በዚያው ማረጋገጫ ሞክሩት። አይቀበለውም። ይህን በዓይን ማየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በኋላም ለሌላ ሰው ስታስረዱ ይረዳችኋል።

ድረ ገጹን ራሱን የማያምን ሰው ቢመጣስ? ልክ ነው፣ ድረ ገጹ የብሎኩን መረጃ የሚያመጣው ከሌላ አገልግሎት ነው። ማንንም ሳያምን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የራሱን የቢትኮይን ኖድ፣ ማለትም ሰንሰለቱን ራሱ አውርዶ የሚፈትሽ ኮምፒውተር፣ ማስኬድ ይችላል። ለዚህ ከ500 ጊጋባይት በላይ ማውረድ ግድ ይለዋል። ዲስክ ለመቆጠብ የድሮውን እየቆረጠ የሚጥል አማራጭ አለ፣ መጀመሪያ ግን ሁሉንም ማውረድ አይቀርም። በሞባይል ዳታ ለምንጠቀም ሰዎች ይህ የማይሞከር ነው። "ማንንም ማመን አያስፈልግም" የሚባለው የብሎክቼይን ተስፋ ጥሩ ኢንተርኔት ላለው ሰው ይበልጥ እውነት መሆኑ ያሳዝነኛል። መፍትሔው ኖዱ ባለው ወዳጅ፣ ለምሳሌ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም በዩኒቨርሲቲ ላብ በኩል ማስፈተሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ጥንዱን አትለያዩ

ዋናው ፋይልና ማረጋገጫው ሁልጊዜ አብረው መሆን አለባቸው። አንዱ ከጠፋ ሌላው ዋጋ የለውም። በብሎክቼይን ላይ ያለው አሻራ ብቻ ስለሆነ ፋይላችሁን ማንም አይመልስላችሁም። "ብሎክቼይን ላይ አስቀምጬዋለሁ" ብሎ ዋናውን መጣል ፈጽሞ አይገባም። ሁለቱን በአንድ ፎልደር አድርጉ። ከላይ ባልናቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ቅጂ አስቀምጡ፣ ለአንድ የምታምኑት ሰውም ላኩ።

ማኅተሙ የማይመሰክራቸው ነገሮች

የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፋይሉ ከዚያ ቀን በፊት ነበረ። ማን እንደጻፈው አያውቅም። የሌላ ሰው ግጥም ሰርቄ ዛሬ ባትም፣ ማኅተሙ ለእኔም እኩል ይሠራል። ይዘቱ እውነት ይሁን ሐሰትም አያውቅም።

የትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚያለማው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ላይ ለመያዝ ማቀዳቸውን ሲያሳውቁ ብዙዎቻችን ተደስተን ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ሁሌ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ውጤቱን መጀመሪያ የሚያስገባው ማን ነው? መምህሩ 58ን 85 ብሎ ቢያስገባ፣ ሰንሰለቱ 85ን በታማኝነት ይጠብቃል።

ሌላ የማጭበርበሪያ መንገድም አለ። አንድ ሰው የነገውን ጨዋታ ሊሆኑ የሚችሉ ውጤቶች ሁሉ ለየብቻ አትሞ፣ የገጠመውን ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል። "ቀድሜ ተናግሬ ነበር" የሚል የታተመ ማስረጃ ሲቀርብላችሁ "ሌላስ ምን አትመሃል?" ብላችሁ ጠይቁ።

በትክክል ሲሠራበት ግን ኃይሉ ትልቅ ነው። ጓቲማላ እ.ኤ.አ. በ2023 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ባካሄደችበት ወቅት የየጣቢያው የድምፅ ቆጠራ ቅጾች ምስሎች በዚሁ በኦፕን ታይምስታምፕስ ታትመው ነበር። ከሁለተኛው ዙር ሳምንታት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ወረቀቶቹን ከምርጫ ፍርድ ቤቱ ወሰደ። ወረቀቶቹ ቢወሰዱም፣ ምስሎቹ ከታተሙ በኋላ እንዳልተነኩ ማንኛውም ዜጋ በራሱ መፈተሽ ይችል ነበር።

ፍርድ ቤት ይቀበለዋል ወይ?

በቻይና የሃንግዙ ኢንተርኔት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የቅጂ መብት ክስ ላይ በብሎክቼይን የተያዘ ማስረጃን ተቀብሏል። በእኛ አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። ይህ ማለት ግን ዳኛው ማኅተማችሁን አይቶ ወዲያው ይፈርድላችኋል ማለት አይደለም። ከሌላው ማስረጃ ጋር ይመዝነዋል፣ ባለሙያም ሊጠይቅ ይችላል። የቤትና የመኪና ሽያጭ፣ ውክልና፣ ኑዛዜ ከሆነ ወደ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ይህ መሣሪያ ያንን አይተካም። ለግጥም፣ ለፎቶ፣ ለጥናት፣ ለቃለ ጉባኤ ግን፣ ምንም ሳይኖራችሁ ከምትቆሙ እጅግ ይሻላል።

ለደራሲዎች አንድ ተጨማሪ ደረጃ

"ማን እንደጻፈው አይመሰክርም" የሚለውን ክፍተት በከፊል የሚሞላ ዘዴ አለ። የመጨረሻውን ሥራ ብቻ አትተሙ። ረቂቁንም እተሙ።

ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር የዚያን ቀን ቅጂ በፒዲኤፍ አውጡና እተሙ። የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ካላችሁ ፎቶ አንሱት፣ ስርዝ ድልዙን እንዳለ። ዘፈን ከሆነ በስልክ የቀዳችሁትን የመጀመሪያ ማንጎራጎር አትናቁ፣ እተሙት። ወረቀቱም ድምፁም ለየራሱ ቀን ይኑረው። ያለቀ ሥራ የሰረቀ ሰው መጨረሻውን ብቻ ነው የሚይዘው። ያለፈውን ዓመት ረቂቅ፣ የተሰረዘውን ስንኝ፣ ስሙ የተቀየረውን ገጸ ባሕርይ ከየት ያመጣዋል? ቀናቸውን ተከትለው የተደረደሩ አሥር ረቂቆች አንድ ላይ ሲቀርቡ፣ ከአንድ የመጨረሻ ማኅተም በጣም የጠነከረ ማስረጃ ይሆናሉ።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈቱ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ጀምሩት፣ ራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። በወር አንድ ቀን መድቡና ያልተሟሉትን ማረጋገጫዎች አሟሉ። ሥራውን ለአሳታሚ፣ ለአቀናባሪ ወይም ለውድድር ከመላካችሁ በፊት የመጨረሻውን ቅጂ እተሙ። ማረጋገጫው በማግስቱ ተሟልቶ ስታዩ ላኩት።